የቡድሃ ሕማማት፦ ከበረሃ ዋሻ ስለወጣው ሙዚቃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሥራ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ያው ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የቡድሃ ሕማማት» ምንድን ነው?

የቻይና ተወላጅ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ታን ዱን ለኦርኬስትራ፣ ለትልቅ የመዘምራን ቡድንና ለሶሎ ድምፃውያን የጻፈው ሥራ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት። መነሻው በቻይና ሰሜን ምዕራብ፣ ዱንኋንግ ከተማ አጠገብ የሚገኙት የሞጋኦ ዋሻዎች ናቸው። ታን ዱን በዋሻዎቹ ግድግዳ ላይ የተሳሉትንና እዚያ በተገኙ የጥንት ጽሑፎች ላይ የሰፈሩትን ታሪኮች ወስዶ አዘፈናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ሜይ 23 ቀን 2018 በጀርመን ድሬስደን ነው። የተጫወተው የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ሲሆን ኦርኬስትራውን ታን ዱን ራሱ መርቷል። ሥራውን በጋራ ያስደረሱት የድሬስደን የሙዚቃ ፌስቲቫል፣ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ፣ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክና የሜልበርን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ናቸው። የሊዮን ብሔራዊ ኦርኬስትራ የተጫወተው ቅጂ በ2023 ደካ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በኩል አልበም ሆኖ ወጣ።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር። «ቡዳ» ብለው የሚጽፉ አሉ። እኔ «ቡድሃ» ነው የምለው። ቡዳ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰውየውን በማያውቀው ነገር ባናስጠረጥረው ይሻላል።

ታን ዱን ማን ነው?

በ1957 በሁናን ክፍለ ሀገር፣ ቻንግሻ አካባቢ ተወለደ። ልጅ ሳለ የመንደሩ «አዋቂዎች» በሥርዓታቸው ላይ በድንጋይና በውሃ ድምፅ ሲያወጡ እያየ ነው ያደገው። በባህል አብዮት ዘመን ሩዝ እንዲተክል ወደ ገበሬዎች ተላከ። እዚያም የገበሬዎቹን ዘፈን ይሰበስብ ጀመር። በዚህ መሃል አንድ የቤጂንግ ኦፔራ ቡድን ተሳፍሮበት የነበረ ጀልባ ሰጠመና ብዙ ተጫዋቾች ሞቱ። የጎደለውን እንዲሞላ ታን ዱን ተጠራ። ከሩዝ ማሳ የወጣው በዚህ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። ቀጥሎ ቤጂንግ የሚገኘው ማዕከላዊ ኮንሰርቫቶሪ ገባ፤ በ1986 ደግሞ ለትምህርት ወደ ኒውዮርክ ሄደ።

ስሙን ባታውቁም ሙዚቃውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂደን ድራገን» በተባለው ፊልም ሙዚቃ በ2001 ኦስካር ወስዷል። የቤጂንግ ኦሊምፒክ የሜዳሊያ አሰጣጥ ሙዚቃም የሱ ነው። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2008 እየተመላለሱ መድረክ ላይ ሲወጡ ከብሔራዊ መዝሙራችን በፊት ስትሰሙት የነበረው ማለት ነው።

የሞጋኦ ዋሻዎች ምንድን ናቸው?

ከዱንኋንግ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጎቢ በረሃ ጫፍ ላይ ያለ ገደል አለ። ገደሉ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው። ታሪኩ እንደሚለው በ366 ዓ.ም. አንድ መነኩሴ ከገደሉ በላይ የወርቅ ብርሃን አየ። የመጀመሪያዋን ዋሻ የፈለፈለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሰው መፈልፈሉንና መሳሉን አላቋረጠም። ዱንኋንግ የሐር መንገድ መገናኛ ነበረች። ነጋዴው በረሃውን ከማቋረጡ በፊት ይሳላል፤ በሰላም ከተመለሰ ስለቱን ያገባል። የስለቱ ገንዘብ ዋሻና ሥዕል ሆነ።

ዛሬ 735 ዋሻዎች ይቆጠራሉ። ከነዚህ 492ቱ ውስጥ ሥዕልና ሐውልት አለ። የግድግዳ ሥዕሉ ተዘርግቶ ቢለካ 45,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከላሊበላ ጋር የሚያነጻጽር ሐበሻ አይጠፋም። ሁለቱም ከዓለት የተፈለፈሉ መሆናቸው እውነት ነው። ግን የላሊበላ ጥበብ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ሞጋኦ ላይ ድንጋዩ ልል ስለሆነ በጭቃ ተመርጎ ነው የተሳለበት። ትልቁ ሥራ ቀለሙ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በጥንቶቹ ዋሻዎች ፊታቸው የጠቆረ ሰዎች ታያላችሁ። «ጥቁር ሕዝብ ነበሩ» የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ሲዞር አይቻለሁ። አይደለም። በቀለሙ ውስጥ የነበረው እርሳስ በዘመን ብዛት ተለውጦ ነው ያጠቆራቸው። ሲሳሉ ቀላ ያሉ ነበሩ።

ቡድሃና ሕማማት ምን አገናኛቸው?

ይህን ከኦርቶዶክስ ወዳጆቼ ያልሰማሁት የለም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕማማት ስንል ሰሙነ ሕማማት ነው የሚታየን፤ ስግደቱ፣ ግብረ ሕማማቱ፣ ጥቁር ልብሱ። በአውሮፓ የሙዚቃ ታሪክም ቃሉ የክርስቶስን መከራ ለሚተርክ የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራ የሚሰጥ ስም ነው። የታወቁት የጀርመናዊው ደራሲ የባኽ ናቸው፤ አንዱ እንደ ማቴዎስ፣ አንዱ እንደ ዮሐንስ ወንጌል።

ባኽ ከሞተ 250 ዓመት ለሚሞላበት ለ2000፣ በጀርመን ሽቱትጋርት ያለው የባኽ አካዳሚ ለአራት ደራሲያን አራት አዳዲስ ሕማማት እንዲጽፉ አዘዘ። ታን ዱን የማቴዎስ ወንጌል ደረሰው። እሱም በውሃ የተሞሉ ሳህኖችን መድረክ ላይ ደርድሮ «የውሃ ሕማማት» የሚለውን ጻፈ። የቡድሃው የዚያ ሥራ ታናሽ ወንድም ነው። የክርስቶስን በዚህ መልክ ከሠራ በኋላ ወደ ቡድሃ ታሪክ ዞረ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። በቻይንኛ የሥራው ርዕስ «ሕማማት» አይልም። ሲተረጎም «የርኅራኄ መዝሙር» እንደ ማለት ነው። ለእኔ ትክክለኛው ስም ይኼ ነው። እዚህ ውስጥ የቡድሃ ስቅላት የሚመስል ነገር አትጠብቁ። ያለው ሌላው ሲያመው አብሮ የሚታመም ልብ ነው። ስድስቱን ክፍሎች የሚያያይዛቸውም ገመድ እሱ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

አንድ ወጥ ታሪክ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ተረት አለው። የመጀመሪያው ወጣቱ ልዑል ቡድሃ የሚሆንበት የቦዲ ዛፍ ነው። ሁለተኛው የባለ ዘጠኝ ቀለሟ ሚዳቋ ነው። ሚዳቋዋ ወንዝ የወሰደውን ሰው ታወጣለች። «ያለሁበትን ለማንም አትንገር» ትለዋለች፤ ይምላል። ንግሥቲቱ ቆዳዋን ስትመኝና ንጉሡ ሽልማት ሲያውጅ ግን መሐላውን በልቶ መንገድ እየመራ ይመጣል። ይህ በ257ኛው ዋሻ ተስሏል። ሠዓሊው ታሪኩን ከግድግዳው ሁለት ጫፍ ጀምሮ ወደ መሃል ነው ያመጣው። በመሃሉ ሚዳቋዋና ንጉሡ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። እሷ አልተንበረከከችም። ሙዚቃ እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ታን ዱን መዘምራኑን ለሁለት ከፍሎ ሲያማታቸው ስሰማ ግን ያ ግድግዳ ነው የሚመጣብኝ።

ሦስተኛው የሺህ እጅና የሺህ ዓይን ታሪክ ነው። ንጉሥ ይታመማል፤ መድኃኒቱ የሰው ዓይንና እጅ ነው ይባላል። የምትሰጠው ትንሿ ልጁ ናት። የሰጠችው ሺህ እጅና ሺህ ዓይን ሆኖ ይመለስላታል፤ እሷም የርኅራኄ አምላክ ጓንዪን ትሆናለች። ጓንዪን የምትሳለው በሺህ እጅ ነው። በእያንዳንዱ መዳፍ ላይም ዓይን አለ። አራተኛው ወደ ገዳም ይወስደናል። ሊቀ መነኮሳቱ ወራሹን ለመምረጥ ደቀ መዛሙርቱን ግጥም ያስገጥማል። የተማረው መነኩሴ «ሰውነት ዛፍ ነው፤ ልብ መስታወት ነው፤ አቧራ እንዳይዘው ሁልጊዜ ጥረጉት» ይላል። ማንበብ የማይችለው ሩዝ ወቃጭ ሁዊነንግ ይሰማና «ዛፍም የለ፣ መስታወትም የለ፤ አቧራው የት ያርፋል?» ብሎ ይመልሳል። ቅኔ ቤት ቢሆን «ይበል!» የሚያሰኝ ነው። ሁዊነንግ በሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ ከጥንቶቹ ቅጂዎቹ አንዱ የተገኘውም እዚሁ ሞጋኦ ውስጥ ነው።

አምስተኛው «የልብ ሱትራ» ይባላል (ሱትራ የቡድሂስት ቅዱስ ጽሑፍ ነው)፤ አንድ መነኩሴና ሞት አፋፍ ላይ ያለች ኒና የምትባል ሴት ይገናኙበታል። ስድስተኛው የቡድሃ መጨረሻ፣ ኒርቫና (ከመከራ ሁሉ ፍጹም ዕረፍት) ነው። አምስተኛውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥዕል እንዴት ዜማ ይሆናል?

የሞጋኦ ግድግዳዎች በሙዚቀኛ የተሞሉ ናቸው። ለምሳሌ በ642 ዓ.ም. በተሠራው 220ኛው ዋሻ ውስጥ መብራት እየበራ የሚጨፍሩ ሰዎችና ሁለት ወገን የተቀመጡ ሙዚቀኞች አሉ። ከበሮ፣ ዋሽንት፣ በገና መሰል መሣሪያ፣ ፒፓ። በአየር ላይ ማንም ሳይነካቸው የሚንሳፈፉ መሣሪያዎችም ተስለዋል። ሁሉም ይጫወታሉ፤ ምንም አይሰማም። ታን ዱን ዋሻዎቹን አየ፤ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የተበተኑትን የዱንኋንግ ጽሑፎችም እየዞረ ተመለከተ። ከዚያ ዝምታውን በራሱ ሙዚቃ ሞላው።

ዘዴው ሲሰማ ግልጽ ነው። ቫዮሊኖቹ ከኖታ ወደ ኖታ አይዘሉም፤ ይንሸራተታሉ፣ ልክ ሰው ሲያለቅስ ወይም ሲጣራ እንደሚያደርገው። ደወልና የብረት ጎድጓዳ ሳህን ይጮሃል፤ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፣ ዋሻ ውስጥ የተጣራ ሰው ድምፅ ይመስላል። መዘምራኑ ዝም ብለው አይዘምሩም። ያንሾካሹካሉ፣ ይጮሃሉ፣ እንደ ገበያ ይንጫጫሉ።

ፒፓን በጀርባዋ የምትጫወተው ሴት እውነት ናት ወይስ ትርዒት?

ሁለቱም። ፒፓ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው፤ ከመካከለኛው እስያ ተነስቶ ቻይና የገባ፣ የኡድ የሥጋ ዘመድ። በ112ኛው ዋሻ ውስጥ አንዲት ጨፋሪ ፒፓውን ከአንገቷ ኋላ ይዛ፣ አንድ እግሯን አንስታ ትጫወታለች። የዱንኋንግ ከተማ ምልክት የሆነችው ይህች ሴት ናት። በ1979 በዚያው በጋንሱ ክፍለ ሀገር የተሠራ አንድ የዳንስ ድራማ አቋቋሟን በመላው ቻይና አሳወቀው።

ሥዕሉ በተሳለበት በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በእርግጥ እንዲህ ይጫወቱ ነበር ወይስ ሠዓሊው ያማረውን ሣለ የሚለው አከራካሪ ነው። በታን ዱን መድረክ ላይ የምትወጣዋ ግን መሣሪያውን ከጀርባዋ አድርጋ በትክክል ትመታዋለች። አንገቷ እንዴት እንደማይያዝ አላውቅም። እኔ ቦርሳዬን ከኋላ ወንበር ሳነሳ እንኳ ለሦስት ቀን አሞኛል።

አንድ ሰው እንዴት በአንዴ ሁለት ድምፅ ያወጣል?

ይህ የሞንጎል የጉሮሮ ዘፈን ነው። ዘፋኙ ባቱባገን ይባላል፤ የሱ ድምፅ ባይኖር ይህ ሥራ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ማንኛውም የሰው ድምፅ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አሉት። እኛ አንድ አድርገን ነው የምንሰማቸው። የጉሮሮ ዘፋኝ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ ይይዝና ምላሱንና ከንፈሩን እያስተካከለ ከቀጫጭኖቹ አንዱን ለይቶ ያጎላዋል። ከላይ ፉጨት የሚመስለው እሱ ነው። ማሽን የለበትም።

ባቱባገን ሲዘፍን ባለ ሁለት ክር መሣሪያም ይመታል፤ በደጋን የሚጫወቱት ነው። ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ወዲያው ይለምደዋል።

በምን ቋንቋ ነው የሚዘመረው?

በቻይንኛና በሳንስክሪት። መድረክ ላይ ትርጉም በስክሪን ይታያል። በስልክ የሚሰማ ሰው ግን ታሪኮቹን ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውም ለዚሁ ነው። ቋንቋው ገባኝ አልገባኝ ብሎ መጨነቅ ግን አያስፈልግም። ግዕዝ ሳያውቅ ቅዳሴ የሚያስለቅሰው ስንት ሰው አለ።

የቻይና ዜማ ለምን ትዝታ ትዝታ ይለኛል?

ጆሮአችሁ አልተሳሳተም። ቻይናውያን በብዛት የሚጠቀሙበት ባለ አምስት ኖታ ቅኝትና የእኛ ትዝታ ሜጀር ያሉት ኖታዎች ያው ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹን ብቻ መምታት ማለት ነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ የሚዳቋዋ ክፍል ዜማ «የት ነው የማውቀው?» የሚያሰኛችሁ።

ከዚህ ተነስቶ «ከእኛ ወሰዱት» ወይም «ከነሱ ወሰድነው» ማለት ግን አያስኬድም። ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ከስኮትላንድ እስከ ምዕራብ አፍሪካ አለ። ልዩነቱ ያለው አካሄዱ ላይ ነው። የእኛ ዜማ ይርገበገባል፤ ክራሩና እስክስታው ምቱን ይሰብረዋል። የነሱ ይንሸራተታል፤ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። አንቺሆዬን የሚመስል ነገር ደግሞ እዚህ ውስጥ አትፈልጉ፤ አታገኙትም።

ታዲያ የምንሰማው የጥንት ሙዚቃ ነው?

አይደለም፤ በእኛ ዘመን የተጻፈ ሙዚቃ ነው። ከዱንኋንግ የተገኘ እውነተኛ የጥንት ኖታ ግን አለ። 25 የፒፓ ዜማዎች የያዘ ወረቀት ነው፤ በጀርባው ያለው ጽሑፍ 933 ዓ.ም. የሚል ቀን አለው። ዛሬ ፓሪስ ነው ያለው። ተመራማሪዎች ምልክቶቹን ለመፍታት አሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የትኛው ክር የት ቦታ ላይ እንደሚያዝ ይነግራል። ምቱን ግን በግልጽ አይናገርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሊቅ የራሱን ስሪት ነው የሚጫወተው። የያሬድን ዜማ ምልክት ያለ መምህር ቢሰጡን የሚደርስብን ይኸው ነው። ምልክቱ አስታዋሽ ነው፤ ዜማው ያለው መምህሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው። የዱንኋንግ መምህራን ደግሞ ከሞቱ ሺህ ዓመት አለፋቸው።

ስለዚህ ሥራውን «የጥንት የቻይና ሙዚቃ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ታሪኩ ጥንታዊ ነው፤ ሙዚቃው የታን ዱን ነው።

ጽሑፎቹ ለምን ፓሪስና ለንደን ሄዱ?

በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የሚባል የዳዊዝም (የቻይና ነባር እምነት) መነኩሴ ከአንድ ዋሻ ግድግዳ ጀርባ የተደፈነች ጠባብ ክፍል አገኘ። ከአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ተዘግታ የቆየች ናት። ውስጧ እስከ ጣሪያ በጥቅል ተሞልቷል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች። ዋንግ ለባለሥልጣናት አሳወቀ፤ ያን ያህል ትኩረት የሰጠው አልነበረም። እሱ ደግሞ ዋሻዎቹን ለማደስ ገንዘብ ይፈልግ ነበር። በ1907 ኦሬል ስታይን ከእንግሊዝ በኩል፣ በ1908 ፖል ፔልዮ ከፈረንሳይ መጡ። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ጭነው ሄዱ። በ868 ዓ.ም. የታተመውና ቀን ካላቸው የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው የአልማዝ ሱትራ በዚህ መንገድ ለንደን ገባ።

ዛሬ የተቀመጠው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የመቅደላ ብራናዎቻችን ያሉበት ቤት ማለት ነው። አመጣጣቸው አንድ አይደለም፤ የእኛው በጦርነት ተዘረፈ፣ የነሱ በቅናሽ ተሸጠ። ቻይናውያን በዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ግን እኛ አስተርጓሚ ሳንፈልግ እናውቀዋለን።

ዋሻዎቹን ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ቀድሞ ቦታ መያዝ ግን ግድ ነው። የጎብኚ እስትንፋስና ላብ ሥዕሉን ስለሚጎዳው በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኗል፤ በመደበኛው ትኬት 6,000 ሰው ነው። በዚህ ትኬት ስምንት ያህል ዋሻ ብቻ ይታያል። የትኞቹ እንደሆኑ የሚወስነው አስጎብኚው ነው፤ የሚዳቋዋን ወይም የፒፓዋን ዋሻ አያለሁ ብላችሁ ከሄዳችሁ ልታዝኑ ትችላላችሁ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከአዲስ አበባ ቤጂንግ ወይም ሌላ ትልቅ ከተማ ድረስ በረራ አለ፤ ከዚያ ወደ ዱንኋንግ የአገር ውስጥ በረራ ወይም ባቡር ነው።

ብሩ ከሌለ ደግሞ ዲጂታል ዱንኋንግ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ። በ2016 በ30 ዋሻዎች ነው የተጀመረው። በስልካችሁ ግድግዳውን እያንቀሳቀሳችሁ እስከ ብሩሽ ጭረቱ ድረስ ማየት ትችላላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ክፍል ስሰማ 257ኛውን ዋሻ ከፍቼ ነው።

ክላሲካል ሰምቼ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?

ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ሙሉው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ያልለመደ ሰው ሁለተኛው ክፍል ሳይደርስ ስልኩን ማገላበጥ ይጀምራል። መጀመሪያ አምስተኛውን፣ «የልብ ሱትራ»ን ስሙ። ቀጥሎ የሚዳቋዋን። ከወደዳችሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ከላይ እስከ ታች። በታክሲ ውስጥ ግን አይሆንም። ሞክሬዋለሁ፤ ዝም የሚለው ቦታ ላይ ሁሉ ወያላው ነው የሚዘምርልህ።

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነኝ፤ ብሰማው ሃይማኖቴን አይነካም?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጽሑፉ ውስጥ ጸሎት አለ። «የልብ ሱትራ» በቡድሂስት ገዳማት በየቀኑ የሚደገም ድርሳን ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ጋቴ ጋቴ» የሚለው ሐረግ «ሄደ፣ ሄደ፣ ወዲያ ማዶ ተሻገረ» እንደ ማለት ነው። «ሙዚቃ ብቻ ነው» ብዬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም።

በሌላ በኩል የኮንሰርት ሥራ ነው። ትኬት ተቆርጦ፣ በአዳራሽ፣ የየትኛውም እምነት ሰው በሆኑ ዘማሪዎች ይቀርባል። ማንም ስገዱ አይላችሁም። የባኽን ሕማማት ቶኪዮ ውስጥ የሚዘምሩ ቡድሂስቶች አሉ፤ ክርስቲያን አልሆኑም። እኔ እሰማዋለሁ። የሚከብደው ሰው ቢተወውም አልፈርድበትም።

«የፊልም ሙዚቃ ነው» የሚሉት እውነታቸውን ነው?

በከፊል። ታን ዱን ለጆሮ የሚመች ዜማ ለመጻፍ አያፍርም። አንዳንድ ቦታ ፈረስ ከተራራ ሲወርድ የምታዩ ያህል ነው፤ ከበሮው ይመጣል፣ መዘምራኑ ይነሳሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጮሃሉ። ለእኔ መጨረሻው፣ ኒርቫና፣ ትንሽ በዝቷል። ታላቅ መሆኑን ስለፈለገ ታላቅ የሆነ ይመስላል። የገዳሙ ክፍልም እንደ ጨዋታ ይጀምርና መቼ መሳቅ እንዳለብን ሳንወስን ያልቃል።

አምስተኛው ክፍል ላይ ግን ይህ ሁሉ ወቀሳ አይደርስም። ያ ሁሉ ኦርኬስትራ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አንድ ሰው ከደረቱ ጥልቅ የሆነ ድምፅ ያወጣል፤ አንዲት ሴት ከላይ፣ ባልተሞረደ የገጠር ድምፅ፣ ትመልስለታለች። ኒና እየሞተች ነው። መነኩሴው የሚሰጣት ከዜማ በቀር ምንም የለውም። ሊያድናት አይሞክርም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ክሩን ይመታል። የሷ ድምፅ ካቆመ በኋላም ትንሽ ይቆያል።